ሺአ በተር ወይስ ኮኮዋ በተር? ለደሴ ብርድና ለኮምቦልቻ ሙቀት

ደሴ ላይ ጥቅምት ከገባ ቆዳ ዝም አይልም። ጠዋት ታጥበን ሳንቀባ ከወጣን፣ ፒያሳ ሳንደርስ ጉንጫችን ይወጠራል፣ የእጃችን አመድ ቡን ይላል። ሰሞኑን የምትጠይቁኝም ይህንኑ ነው፤ የቱን ልግዛ?

ለፊት ከሆነ ሺአን ግዙ። ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት ነው፤ ዛፉ እዚሁ አገራችን ጋምቤላም ይበቅላል። ትንሽ ቆንጥራችሁ መዳፍ ላይ ስታሹት ወዲያው ይለሰልሳል። ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ከተቀባችሁት ውሃው እንዳይተን ይይዘዋል። ያልተጣራው ክሬም ወይም ቢጫ ቢጤ ነው፤ የራሱ ጠረንም አለው። የተጣራው ነጭና ጠረን የለሽ ነው፤ ጠረን የማይስማማው ሰው እሱን ይምረጥ። ውስጡ እንደ አሸዋ ቢቆረቁራችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ቀልጦ ቀስ ብሎ ሲረጋ እንዲያ ይሆናል። የሚጣለው የቆየ ዘይት ሲሸት ነው።

ኮኮዋ በተር ቸኮሌት ከሚሠራበት ፍሬ ይወጣል፤ ጠረኑም ያው ነው። በደሴ ጠዋት ግን እንደ ሻማ ይደርቃል፣ ጥፍር አያስገባም። የሚቀልጠው ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ስለሆነ መዳፍ ላይ በደንብ መታሸት ይፈልጋል። ለተሰነጠቀ ተረከዝና ለክርን ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ። ማታ ቀብታችሁ ካልሲ አድርጋችሁ ተኙ። ፊት ላይ ግን ቀዳዳ ይደፍናል። እኔ አንድ ሳምንት ሞክሬው ግንባሬ በብጉር ተሞላ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ነገሩ ይለወጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። እዚያ ወዛም ቆዳ ያለው ሰው ቀን ላይ ሁለቱንም ቢተው ይሻለዋል። ማታ ስስ አድርጎ ሺአ ቢቀባ ይበቃዋል።

አንድ ነገር አደራ። ሻጭ «ሸንተረር ያጠፋል» ቢላችሁ አትመኑ። ኮኮዋ በተር በእርጉዞች ላይ ተሞክሮ ሸንተረር ሲከላከል አልተገኘም። ሁለቱም የጸሐይ መከላከያን አይተኩም፤ የደሴ ብርድ ቢያዘናጋም ጸሐይዋ ታቃጥላለች። ክፍት ቁስል ላይ አትቀቡ። የለውዝ ዓይነት አለርጂ ያለበት ሰው ሺአን ከመቀባቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። ሌላውም ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቅ።

ስትገዙ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ውሃ ወይም ፔትሮሊየም ጄሊ (ቫዝሊን) ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ በትልቁ «ሺአ» ቢልም ውስጡ ያለው ሺአ ጥቂት ነው።