ናሙናው ሌላ፣ የሚጫነው ሌላ! የግድግዳ ፓነል ልትገዙ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ቤት እያደሳችሁ ያላችሁ፣ በተለይ ለልብስ ማጠቢያ ክፍል የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ፓነል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታስተላልፉ።

የእኛ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው እርጥበት ይስባል፣ ቻኩ (የግድግዳው ልስን) አብጦ ይረግፋል፣ ቀለሙ ይላጣል። ስለዚህ ምርጫው ሴራሚክ ወይም ፓነል ነበር። ሴራሚኩ ከነኮላው፣ ከነፉጋው (የመገጣጠሚያው መሙያ)፣ ከነእጅ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነ። ሻጮቹ የሚጠብቁት ይህችኑ ነው። "እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ?" አለና አንዱ ሻጭ ወፈር ያለ ነጭ ፓነል አወረደ። በቡጢ መታው። የሃይላንድ ውሃ አፍስሶ በእጁ ጠረገው። ምንም አልሆነም። እዚያው በሞባይል ባንኪንግ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ "ማሽኑ ኔትወርክ የለውም" አሉኝ፤ ቆሜ አስቆርጬ ወጣሁ። የተጻፈበት ግን "ፓነል" ብቻ ነው። ውፍረት የለ፣ ዓይነት የለ።

ዕቃው ቤት ደረሰ። ባለሙያው የመጀመሪያውን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጫን ቢያደርገው ስርጉድ አለ። ቆረጠው። ፓነል ውስጡ ክፍት መሆኑ ያለ ነው፤ የዚህ ግን መሃሉን የሚደግፉት እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው። ላዩ ላይ ያለችው ላስቲክ ጫፏን ሲይዟት ተልጣ ትመጣለች።

ቁራጩን ይዤ ተመለስኩ። ያ ወፍራሙ እዚያው ቆሟል። ጎን ለጎን ሳደርጋቸው የእኔ ግማሹን አይሞላም። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "እሱማ ናሙና ነው" አለኝ።

"ታዲያ የገዛሁት ይሄንን አይደል?"

"ሳሳይሽ እሱን እሸጥልሻለሁ አልኩሽ?"

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ። ሲከፈለው "እህቴ" ሲለኝ የነበረው ሰው! ካሸሯ ደግሞ "ለልብስ ማጠቢያ ነው እኮ፣ ሳሎን አደረግሽው እንዴ?" አለችና ከጓደኛዋ ጋር ተሳሳቁብኝ። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ልብስ ማጠቢያ ስለሆነ እኮ ነው ጥሩ ዕቃ የሚያስፈልገው! ሳሎን ውስጥ ማን ውሃ ይረጫል? ይህን ስስ ነገር ባልዲ ሲገጨው ይሰነጠቃል። ውሃው ከኋላ ይገባል፣ ፓነሉ የሚመታበት እንጨት (ሞራሌው) ይበሰብሳል፣ ሻጋታው የታጠበ ልብስ ላይ ይሸታል። ይህን እነሱ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ውፍረቱንና ዓይነቱን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ዕቃው መኪና ላይ ሲጫንም ቆማችሁ አንዱን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ማስለወጥ ወይም ብራችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ስለለጠፉ ዝም አትበሉ። እኔ ቁራጩንና ደረሰኙን ይዤ ነገ ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት ነኝ።