ሎርድ ሃው ወይስ ቻታም?

ሁለቱም ከየብስ ርቀው ያሉ፣ ሰዓታቸው ግራ የሚያጋባ ደሴቶች ናቸው። ሎርድ ሃው የአውስትራሊያ ናት። ሰዓቷ ከዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ (UTC) በ10 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይቀድማል፤ በበጋ ደግሞ ሲድኒ ሰዓቷን በሙሉ አንድ ሰዓት ወደፊት ስትገፋ እሷ ግማሽ ሰዓት ብቻ ትገፋና ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ቻታም የኒውዚላንድ ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ከዋናዎቹ ደሴቶች በ45 ደቂቃ ይቀድማሉ። አዎ፣ 45! ስልካችሁ ራሱን ካላስተካከለ በረራ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

መልክዓ ምድር ከሆነ ሎርድ ሃው አፍ ታስከፍታለች። 875 ሜትር ከፍታ ያለው የጋወር ተራራ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ጫፉን ብዙ ጊዜ ደመና ይሸፍነዋል፣ ከሥሩ ኮራል ሪፍ ያለበት ጥርት ያለ ውሃ አለ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ቦልስ ፒራሚድ የሚባለው ከ500 ሜትር በላይ የሆነ ሹል ዐለት ባሕር መሃል ብቻውን ቆሟል። በአንድ ጊዜ ከ400 በላይ ጎብኚ ስለማይፈቀድ ግርግር የለም። ቦታ ግን ቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

ቻታም ሌላ ነገር ነው። ንፋስ በንፋስ! ዛፎቹ እንኳ ወደ አንድ ጎን ጎብጠው ነው የሚያድጉት። ሰፊ ሐይቅ፣ የባዛልት (የእሳተ ገሞራ ዐለት) ዓምዶች፣ የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሞሪዮሪዎች በዛፍ ግንድ ላይ የቀረጿቸው ምስሎች አሉ። ለዋና ብላችሁ ግን አትድከሙ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመጀመሪያ ጉዞ ሎርድ ሃው። ዝናብና ንፋስ የማይከብደው፣ ሰው የማይበዛበት ቦታ የሚፈልግ ደግሞ ጃኬቱን ይዞ ወደ ቻታም።