ኤች ኦ ወይስ ኤን? ለለቡ ጠባብ ክፍል የሚስማማው የሞዴል ባቡር

ከለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ የኪራይ ክፍል ውስጥ የሞዴል ሐዲድ ለመዘርጋት ለሚያስብ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መጠን ነው፤ ኤች ኦ (HO) እና ኤን (N) የሁለት የሞዴል ባቡር መጠኖች ስሞች ናቸው። ኤች ኦ ከእውነተኛው ባቡር በ87 እጥፍ ያነሰ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤን ደግሞ በ160 እጥፍ አንሶ በ9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ 26 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ በኤች ኦ 30 ሴንቲ ሜትር፣ በኤን ግን 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ኤን አልጋ ሥር በሚገባ ጣውላ ላይ ሙሉ ዙር ይሠራል፤ ከባቡሩ ይልቅ ኮረብታውንና ድልድዩን ማሳየት ለሚወድም የተሻለ ነው።

እኔ ግን ኤች ኦን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም አቧራው ነው። በበጋ ከኮረኮንቹ መንገድ የሚነሣው ትቢያ መስኮት ቢዘጋም ገብቶ ሐዲዱ ላይ ያርፋል፤ ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በመንኮራኩሮቹ በኩል በመሆኑ፣ ቀለል ያለው ኤን ጥቂት ቆሻሻ ሲገጥመው ቀጥ ሲል፣ ከበድ የሚለው ኤች ኦ አብዛኛውን ጊዜ አልፎት ይሄዳል። ማታ ከሥራ መልስ ሐዲዱን አልኮል በነካ ጨርቅ ስጠርግ፣ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ጨርቁ ላይ ይቀራሉ።