የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ወይስ የላሳል ወንድሞች?

ሁለቱም የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ሁለቱም ከተማን ይወዳሉ። የተወለዱበት ዓላማ ግን የተለያየ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባላት በ1548 በሲሲሊ፣ መሲና ከተማ ኮሌጅ ከፈቱ። በ1599 ያወጡት የትምህርት ደንብ ላቲንን፣ የንግግር ጥበብንና ክርክርን መሠረት አደረገ። ትምህርቱ በነጻ ቢሰጥም ማንበብ የለመደ ልጅ ይጠይቅ ስለነበር የድሃ ልጅ ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ ይቀር ነበር።

ዣን ባቲስት ደ ላሳል በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በፈረንሳይ ሬምስ የጀመሩት ሥራ ያንኑ በር ላይ የቀረ ልጅ የሚፈልግ ነበር። ንባብ በላቲን ሳይሆን ልጁ በሚናገረው ፈረንሳይኛ ተጀመረ። ተማሪን አንድ በአንድ እየጠሩ ማስተማር ቀርቶ ክፍሉ በአንድነት መማር ያዘ። መምህራኑም ቄስ የማይሆኑ፣ “ወንድሞች” የሚባሉ የማኅበር አባላት ነበሩ፤ ማስተማርን የትርፍ ጊዜ ሥራ እንዳያደርጉት ይመስለኛል። ለእኔ ከሁለቱ ደፋሩ ይህ ነው።

ሆኖም ኢየሱሳውያንን የባለጸጎች መምህራን ብቻ ማለት ግፍ ይሆናል። በ1996 በቺካጎ የከፈቱት ክሪስቶ ሬይ የተባለ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በቢሮዎች እያሠራ የትምህርት ወጪያቸውን በከፊል ያስሸፍናል።

ሙግት የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ ወደ ኢየሱሳውያን ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ዛሬ ግን በሁለቱም ዘንድ አብዛኞቹ መምህራን የማኅበሩ አባላት ያልሆኑ ተራ ምእመናን ስለሆኑ፣ ከመመዝገብ በፊት የመሥራቹ መንፈስ ለአዳዲስ መምህራን እንዴት እንደሚተላለፍ ርእሰ መምህሩን መጠየቅ ይገባል።