ኦፖሰም ሲመጣ፦ ወጥመድ ወይስ ጠንካራ የዶሮ ቤት?

ቨርጂኒያ ጓሯችሁ ውስጥ ዶሮ የምታረቡ ወገኖች ኦፖሰም የሚባለውን የዱር እንስሳ ሳታዩት አትቀሩም። ፊቱ ነጭ ነው፤ ጅራቱ ፀጉር የለውም። ሴቷ ግልገሎቿን ሆዷ ላይ ባለ ከረጢት ታሳድጋለች። እንደ አገራችን ሸለምጥማጥ ሌሊት ዶሮ ቤት ይገባል። እንቁላልና ጫጩት ይበላል፤ አንዳንዴ ቆጥ ላይ ያለች ዶሮም ይገድላል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ወጥመድ ነው። በሕይወት ይዞ፣ ራቅ ያለ ጫካ ወስዶ መልቀቅ። ግን በቨርጂኒያ የዱር እንስሳ ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ ሕገ ወጥ ነው። የተያዘችው እናት ከሆነችም ከረጢቷ ውስጥ እስከ 13 ግልገል ሊኖር ይችላል። ያሳዝናል። ምግቡ እዚያው ካለ ደግሞ ሌላ ኦፖሰም ይመጣል።

ሁለተኛው ቤቱን ማጠናከር ነው። መጀመሪያ ላይ ወጪው ከበድ ይላል፤ እኔ ግን ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያደርጋል እንጂ አውሬ አያቆምም። ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ግዙ። በብሎንና በሮንዴላ እሰሩት። የአየር ማስገቢያውን አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው። በሩን ሳይመሽ ዝጉ። እንቁላል ውስጥ አይደር። መኖው ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይቀመጥ፤ የድመት ምግብም ከደጅ ይነሳ።

ይህ ከተደረገ በኋላ በጓሮ የሚያልፈውን ኦፖሰም ዝም በሉት። የእብድ ውሻ በሽታም እምብዛም አይገኝበትም።