ለጋሼ ምስጋና፣ ለጅማ ዘፋኞችና ደጋሾች ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራዩና ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ላይ ራሳቸው ቆመው የሚሠሩ አንድ ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። ስለዚህ ባንዱ ውስጥ እንደምንጠራቸው ጋሼ ልበላቸው። ሱቃቸው መርካቶ አካባቢ ነው። ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለማኅበር ዝግጅት ይመጣሉ። እኔ የሰርግ ዘፋኝ ነኝ። ዛሬም የምዘፍነው ከፈጣሪ ቀጥሎ በእሳቸውና በአንዲት ሐኪም ምክንያት ነው።

ከሐኪሟ ልጀምር። ድምፄ ሻክሮ ከወር በላይ አልለቅ አለኝ። እዚሁ ጅማ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በአፍንጫዬ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብታ ማንቁርቴን አየችው። ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በሚጋጩበት ቦታ፣ ግራና ቀኝ ትይዩ፣ ትንንሽ እብጠቶች ነበሩ። ኖድዩል ይባላሉ። መጥረቢያ የለመደ እጅ መጅ እንደሚያወጣ፣ አውታሩም ግጭት ሲበዛበት ያብጣል፣ ከዚያ እየጠጠረ ይሄዳል።

ግጭቱ ምን ያህል እንደሆነ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ሴት ስታወራ አውታሯ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ ይጋጫል። የወንድ ከ100 እስከ 130 ገደማ ነው። 440 ኸርዝ ላይ ያለውን «ላ» ኖታ ይዞ መዝፈን ደግሞ በሰከንድ 440 ጊዜ ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቢያዝ 26,400 ጊዜ። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም፤ አውታሩ የተፈጠረው ለዚህ ነው። የሚጎዳው በጩኸት እየተገፋ ሲጋጭ ነው።

ማር፣ ዝንጅብል፣ ጥሬ እንቁላል ሁሉም ሰው ይመክራል። የጅማ ማር ደግሞ ማን ይጠላል! ሐኪሟ አትብዪ አላለችኝም። ጉሮሮን ያለሰልሳል። ግን የምንውጠው ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፣ አውታሩን አይነካውም። ውኃም ቢሆን የሚጠቅመው ገብቶ በደም ከተሠራጨ በኋላ ነው። ስለዚህ መጠጣት ያለበት ቀኑን ሙሉ ነው፣ መድረክ ላይ ሲወጡ መጎንጨት ብቻ አይበቃም። አውታሩ ጋ በቀጥታ የሚደርሰው የምንተነፍሰው ነው፤ እንፋሎቱም፣ ጭሱም። ጉሮሮ መጥረግ ተይ አለችኝ፣ አውታሩን ያጋጫል። ድምፅ ሲጠፋ ማንሾካሾክም እረፍት አይደለም፣ ተገድዶ ሲሆን ያጨናንቀዋል። ማታ አርፍዶ በልቶ ወዲያው መተኛት ደግሞ የሆድ አሲድ ወደ ማንቁርት እንዲመጣ ያደርጋል። ሰርግ ቤት ለምንውል ሰዎች ይሄ ከባድ ነው፣ እራታችን እኩለ ሌሊት ነውና። ጫትም አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍም ይነሳል።

ቀዶ ሕክምና አላስፈለገኝም። እረፍትና የድምፅ ልምምድ ሰጠችኝ። ልምምዱ ቀላል ነው፤ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮ ነክሮ «ኡ» እያሉ አረፋ ማውጣት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ስትዘፍኚ ራስሽን ትሰሚያለሽ?»

አልሰማም ነበር። ብዙ ቦታ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ወደ እንግዳው ዞሮ ይቆማል፣ ዘፋኙ ከኋላ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ከበሮና ቤዝ ብቻ ነው። ራሱን ያልሰማ ሰው ሳያውቀው ይጮኻል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1911 የገለጸው ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው፤ ነገሩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዙሪያችን ጫጫታ ሲበዛ ድምፅ በራሱ ከፍ ይላል። ዘፋኙ ልጠንቀቅ ቢል እንኳ በሐሳብ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይቆጣጠረውም። መፍትሔው ራሱን እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ጋሼ የሚያደርጉት ይህንን ነው።

እንግዳ ሳይገባ ቀድመው ይመጣሉ። «ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ብሎ ነገር እሳቸው ጋ የለም። «ልጄ፣ ከፍ የሚለውን ቦታ ዝፈኚልኝ» ይላሉ። እግሬ ሥር ወደ እኔ የዞረ ሞኒተር፣ ማለትም ዘፋኙን ራሱን የሚያሰማ ስፒከር፣ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ የራሴን ድምፅ ብቻ ይሰጡኛል፣ ከዚያ ቅኝቱን እንድይዝ ትንሽ ኪቦርድ ይጨምሩበታል። ከበሮ ስጡኝ ስላቸው «ከበሮማ ሳትጠሪው ይመጣልሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ «ሳትጮኺ ራስሽን ትሰሚያለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልክ እንደ ሐኪሟ! እሰማለሁ እስክል ድረስ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ማይክ አያያዝም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁላችንም የምናውቀው ሹር ኤስ ኤም 58 ዓይነት ማይክ ከፊቱ ያለውን በደንብ ይሰማል፣ ከኋላው ያለውን ብዙ አይሰማም። ስለዚህ የማይኩ ጭራ ወደ ሞኒተሩ መዞር አለበት። የማይኩን ራስ በእጅ ጨብጦ መሸፈን ግን ይህን ጠባዩን ያበላሸዋል፣ ያኔ የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ እየገባ ፉጨቱ ይጀምራል። ፉጨት ሲመጣ ባለሙያው ሞኒተሩን ይቀንሳል። ሞኒተር ሲቀንስ ዘፋኙ ይጮኻል። እጃችን ማይኩ ላይ የት እንደተቀመጠ ጉሮሯችን ድረስ የሚደርስ ነገር መሆኑን ከሳቸው በፊት ማንም አልነገረኝም።

ርቀቱም እንዲሁ። ማይኩ ከአፍ 5 ሴንቲ የነበረው 10 ሴንቲ ቢሆን ወደ እሱ የሚገባው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። ያንን ያህል በጉሮሮ ለመሙላት መግፋት አለብሽ። ቀረብ ማድረግ ግን ምንም አያስከፍልም። ቀረብ ሲል ድምፁ ይወፍራል፤ ያንን ጋሼ ሚክሰሩ ላይ ያስተካክሉታል።

አንድ ቀን ድምፄ ሲከብደኝ ሰሙና ኪቦርዲስቱን ጠርተው ትራንስፖዙን፣ የዘፈኑን ኪይ ማለትም የድምፅ ከፍታውን የሚቀይረውን፣ ዝቅ አስደረጉት። እኔ ደስ አላለኝም ነበር፣ ዘፈኑ የሚታወቀው በዚያ ኪይ ነው። «ሰርገኛ የሚጨፍረው በምቱ ነው» አሉኝ። ሰርገኛው ጨፈረ። ከሰዉ አንድም ኪይ ዝቅ ማለቱን ያነሳ አልነበረም።

የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ዶፉ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም። ሌላ ቦታ ሁሉም ነገር አብሮ ከፍ ይላል፤ ስፒከሩም፣ ባንዱም፣ ዘፋኙም። ጋሼ በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ። ባንዱ በመሣሪያ ብቻ ይጫወታል፣ እኛ እንቀመጣለን። ዝናቡ ሲቀል እንቀጥላለን። እንግዳው በዚህ ቅር ሲለው አላየሁም።

በእረፍት ሰዓትም ያስባሉ። ዘፋኝ ድምፁን የሚጨርሰው በዘፈን ብቻ አይደለም። ከመድረክ ስንወርድ ዘመድ አዝማዱ ሰላም ይለናል፣ ከስፒከሩ በላይ ለመሰማት እየጮኸ። እኛም እየጮኽን እንመልሳለን። ጋሼ በዚያ ሰዓት የተቀዳ ሙዚቃ ዝቅ አድርገው ይከፍታሉ። ለእኛ ወንበር ከስፒከሩ ራቅ አድርገው ያስቀምጣሉ። ጄኔሬተሩንም ከመድረኩ በተቃራኒው ጥግ ያስቆሙታል።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው አለ። አብራኝ የምትዘፍን እህቴ መሐል ላይ ድምፅዋ ድንገት ቆረጠባት። እንደምንም ልትቀጥል ስትል ጋሼ ማይኳን ዘጉት። ለባንዱ በምልክት ዜማውን ተረከቡ አሏቸው። ለእሷ «አትናገሪ፣ ነገ ሐኪም ጋ» አሏት። ሐኪሟ በኋላ እንደነገረችን ድምፅ እየተዘፈነ ድንገት ሲጠፋ አውታሩ ላይ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ መግፋት ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። የሚያስፈልገው ፍጹም ዝምታና ምርመራ ነው። እህቴ ዛሬ ደህና ነች።

ደጋሾች፣ ለእናንተ ደግሞ ይህን እላለሁ። የጋሼ ዋጋ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፣ አልደብቅም። ግን ድምፁ የተስተካከለ ስለሆነ አዛውንቶች ጆሯቸውን ይዘው አይወጡም፤ ሽማግሌ ሲመርቅም ቃሉ ይሰማል። ከጋሼ ጋር ባትሠሩ እንኳ የምትከራዩትን ባለሙያ ሁለት ነገር ጠይቁልን፤ «ለዘፋኞቹ ሞኒተር አለህ?»፣ «ስንት ሰዓት ቀድመህ ትመጣለህ?»

የቤተ ክርስቲያን መዘምራንም የመንዙማ ቡድኖችም ከእሳቸው ጋር ሠርተዋል። ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲያዜም ራስን መስማት የባሰ ይከብዳል። ጋሼ ሞኒተሩን ለመሪው ብቻ ሳይሆን ለተቀባዮቹም ያካፍላሉ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ለጥር ሰርግ ካሰባችሁ ከአሁኑ ቀን አስይዙ፣ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ቅዳሜና እሁዶች ቶሎ ያልቃሉ። ድምፁ ሻክሮ ሳምንታት ያስቆጠረ ካለም የሐኪሟን ክሊኒክ አቅጣጫ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አመሰግናለሁ።