ጋሼ የናቁት ጠመንጃ

ጅማ ከገባሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ዝናቡ አላስወጣ ስላለኝ ቆጪ ሰፈር አጎቴ ቤት ተቀምጬ ቡና እጠጣለሁ፤ ለመጣው ዘመድ ሁሉ የስልኬን ፎቶ አሳያለሁ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ያለውን ቤቴን፣ መኪናዬን፣ በረዶውን ማንም ልብ ብሎ አያየውም። ጠመንጃዋ ላይ ሲደርሱ ግን ስልኩ ከእጄ ይነጠቃል። "ያንተ ናት? ስንት ገዛሃት? ምን ታደርግልሃለች?" ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስመልስ ከረምኩ፤ እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሩገር 10/22 ትባላለች። የአሜሪካ ሥሪት ናት፤ በፈረንጆቹ 1964 ገበያ ላይ ወጣች፣ ዛሬም ከሞላ ጎደል በዚያው መልኳ ትመረታለች። ከፊል አውቶማቲክ ናት። ይኸውም ቃታ በሳብክ ቁጥር አንዲት ጥይት ትተኩሳለች፣ ቀለሁን ራሷ ትተፋለች፣ ቀጣዩን ራሷ ታጎርሳለች። ጣትህን ለቀህ እንደገና ካልሳብክ ሁለተኛ አትተኩስም። ለመጣው ሁሉ መጀመሪያ የማስረዳው ይህንን ነው፤ "አውቶማቲክ" የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ልቡ ቀጥ ብሎ ክላሽ ላይ ነው የሚሄደው።

ነገሩ የጀመረው መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ልጅ አንድ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ይዞኝ ሲሄድ ነው። ሜዳ ልበለው እንጂ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነው፤ ኢላማው ሃያ ሜትር ገደማ ላይ በሽቦ ይንጠለጠላል። ጠመንጃ ያከራያሉ። እኔም እንደ ጀማሪ ሁሉ ትልቁን፣ ጥቁሩን፣ ፊልም ላይ ያየሁትን መረጥኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የቦታ ኪራይ፣ የጠመንጃ ኪራይና ጥይት ተደምሮ ዘጠና ዶላር ከፍዬ፣ ትከሻዬን እያሻሸሁ ወጣሁ። ኢላማዬን ደግሞ ባልናገር ይሻላል።

የዚያን ቀን ነው የገባኝ። ጠመንጃ እንደ ፈረስ ነው፤ መግዣውን አንዴ ትከፍላለህ፣ ቀለቡ ግን አያልቅም። ለመዝናናት የሚተኩስ ሰው ማየት ያለበት ጠመንጃዋ ስንት ታወጣለች የሚለውን ሳይሆን ምን ትበላለች የሚለውን ነው። ሩገሯ የምትበላው ሃያ ሁለት የምትባለዋን ትንሿን ጥይት ነው። ከነቀለሁ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች፤ ውፍረቷ እርሳስ አይሞላም፤ ከአፈሙዙ የምትወጣው አረር 2.6 ግራም ገደማ ናት። እኔ በገዛሁበት ጊዜ የአንዷ ዋጋ ዐሥር የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም ነበር። ሁለት መቶ ጥይት ተኩሼ ከሃያ ዶላር በታች! በትልቁ ጠመንጃ ይኸው ቁጥር መቶ ዶላር ያስወጣኛል።

ጠመንጃዋን ታክሱን ጨምሮ ሦስት መቶ ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ወሰድኳት። እዚያው መደርደሪያ ላይ ያገለገለች ማርሊን 60 ነበረች፤ ዋጋዋም ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ለገንዘቡ ከሆነ እሷን መውሰድ ነበረብኝ። ግን የማርሊኗ ጥይት ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ነው የሚገባው፤ አንድ አንድ እያልክ ታንጠባጥባለህ። የሩገሯ ካዝና ደግሞ ዐሥር ጥይት በክብ የሚይዝ፣ መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ነው፤ ትነቅለዋለህ፣ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለህ። የአዳራሹ ኃላፊ "ተኩስ አቁም!" ሲል ሁሉም ሰው ካዝናውን ነቅሎ፣ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ፣ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይላል። ካዝናዬ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ሲታይ እኔም ጎረቤቴም እንረጋጋለን። ለዚያ መረጋጋት መቶ ምናምን ዶላር ጨመርኩ፤ አልቆጨኝም።

ስለ አገዛዙ አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ለጅማ ልጅ። ሱቅ ገብተህ ገንዘብ ቆጥረህ አትወጣም። 4473 የሚባል ቅጽ አለ፤ ትሞላለህ፣ ሻጩ ስምህን ለማጣሪያ ይልካል፣ መልስ ትጠብቃለህ። የእኔ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ቅጹ ላይ ማሪዋና ወይም ሌላ የተከለከለ አነቃቂና አደንዛዥ ነገር ትጠቀማለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። "አነቃቂ" የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። እኔ አልቅምም፤ ጅማ ተወልጄ አለመቃሜ ራሱን የቻለ መሳለቂያ ሆኖብኝ ኖሯል፣ ያን ቀን ግን ካሰኝ። የሚቅም ሰው "አልጠቀምም" ብሎ ከፈረመ በሐሰት መፈረሙ ነው፣ ያውም በወንጀል የሚያስጠይቅ። ለአብሮ አደጎቼ ስነግራቸው አንዱ ጉንጩን እንደወጠረ "እንግዲያው እዚህ ቤት ውስጥ ከአንተ በቀር የሚሸጥለት የለም" አለ።

አጎቴ ጋሼ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ስተኩስ የተቀረጽኩበትን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ አዩት። በደርግ ጊዜ ሰባት ዓመት ክላሽ የተሸከሙ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ምንሽር ነበራቸው፤ ለእሳቸው ጠመንጃ ማለት ወይ ግዳጅ ነው ወይ ክብር።

"ይቺ ምን ታስፈራለች?" አሉ መጨረሻ ላይ። "ድምጿስ የታለ?"

"ጋሼ፣ ለማስፈራራት እኮ አይደለም የገዛኋት። ወረቀት ነው የምመታው።"

"ወረቀት!" ስልኩን ለእትዬ አቀበሏት፣ መልሰው ተቀበሏት። "የጋዝ ዘንጉስ? በየት በኩል ነው የምትሠራው?"

ይቺ ጥያቄ አስደሰተችኝ፣ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ነዋ የሚጠይቃት። የጋዝ ዘንግ፣ ማለትም ክላሽ ውስጥ በባሩዱ ጋዝ ተገፍቶ ማቀባበያውን ወደ ኋላ የሚመልሰው ብረት፣ የላትም አልኳቸው። ጥይቷ ትንሽ ስለሆነች የባሩዱ ግፊት ቀለሁን ወደ ኋላ ሲገፋው፣ ቀለሁ ደግሞ ከኋላው ያለውን ከባድ ብረት ይገፋዋል፤ ብረቱ ሄዶ በጥቅል ሽቦ ይመለሳል፣ ሲመለስ አዲስ ጥይት ይዞ ይገባል። አለቀ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው የሚበላሽ ነገር የላትማ" አሉ። ከእሳቸው አፍ የወጣች ብቸኛ ምስጋና ይህች ናት።

ቀጥሎ ሰደፏን አጉልቼ እንዳሳያቸው አዘዙኝ። ከውትድርና በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት በርጩማ ጠርበዋል፤ የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ያለ ምስማር የሚያወጡ እጆች ናቸው። የእኔዋ ሰደፍ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ቀለሙ ግን የተቀባ ነው፣ ከራሱ የወጣ አይደለም። በፎቶ ለዩት። "ዋንዛ ቢሆን ኖሮ" አሉና ቀሪውን ተዉት። ለነገሩ እኔም እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ርካሽነቷ ከምንም ነገር ይልቅ የሚታየው እንጨቷ ላይ ነው። ከፊት ያለችው ማነጣጠሪያም ለእኔ ዓይን ወፈር ትላለች፤ ሃምሳ ሜትር ላይ የኢላማውን መሐል ትሸፍንብኛለች። ከላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ለመግጠም ቀዳዳው ከፋብሪካ ተበስቶ ነው የሚመጣው፤ እኔ እስካሁን አልገጠምኩም፣ በዓይኔ መምታት ስለምፈልግ።

አንድ ነገር ግን ገዢ ሁሉ ይወቀው። ብዙዎቹ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ማቀባበያቸው ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቀራል፤ ባዶ መሆኑን በዓይንህ ታያለህ። ይቺ በንድፏ እንደዚያ አታደርግም። ዐሥረኛዋን ተኩሳ ዝግት ትላለች፣ ሙሉም ትሁን ባዶ መልኳ አንድ ነው። ስለዚህ እኔ ድምፅ አውጥቼ እቆጥራለሁ፣ በአማርኛ፤ ጎረቤቶቼ ለምደውታል። ከቆጠርኩም በኋላ ካዝናውን ነቅዬ፣ ስቤ፣ በዓይኔና በጣቴ ጫፍ አይቼ ነው የማስቀምጣት። ለመኝታ ቤቷ ደግሞ ቁልፍ ያለው ሣጥን አለ፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው የሚያድረው።

ነከሰችኝ የምለው ቀን አንድ ነው፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። ቅናሽ አገኘሁ ብዬ አምስት መቶ የሚይዝ ካርቶን ጥይት ገዛሁ። ጥይቶቹ ላይ የተቀባው ሰም ይጨቀያል፤ ቀለሁ በመውጫው ላይ ይቆማል፣ ልክ በር ላይ እግሩን እንዳስገባ ለማኝ። አንዳንዱ ጭራሽ አይፈነዳም። የሃያ ሁለት ጥይት ማቀጣጠያው እንደ ትልልቆቹ መሐል ላይ ሳይሆን በቀለሁ ዙሪያ ጠርዝ ውስጥ ነው የሚሞላው፤ ሲሠራ በእኩል ካልተዳረሰ መቺው መርፌ የነካው ጎን ባዶ ሊሆን ይችላል። ቃታ ስበህ "ጠቅ" ብቻ ካለ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሳ ሠላሳ ሰከንድ ትጠብቃለህ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና። በዚያ ካርቶን ሠላሳ ሰከንድ ስቆጥር ነው የዋልኩት። ከዚያ ወዲህ መካከለኛውን ዋጋ እገዛለሁ።

ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ ብሎኑን ስትፈታ እንጨቱ ይወጣል፣ ሁለት ፒን ስትገፋ የቃታው ክፍል ለብቻው ይወርዳል። ከኋላ ያለችው ወፍራም ፒን ግን ሳትነካት ራሷ ትወድቃለች። የእኔ ምድጃ ሥር ገብታ ሁለት ቀን አደረች። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ አረሩ እርሳስ ነው፣ ጥቀርሻው ሁሉ እርሳስ ነው። ትንሽ ናት ብለህም ጆሮህን ሳትሸፍን እንዳትተኩስ፤ ጋሼ "ድምጿስ የታለ" ያሉት ቪዲዮ ላይ ስለሆነ ነው።

ለማን ትሁን? እንደ እኔ በወር ሁለቴ ሄዶ ሁለት መቶ ጥይት መተኮስ ለሚፈልግ፣ ጀማሪ ለሆነ፣ ትከሻውን ለሚወድ። ቤት ላስጠብቅባት ለሚል አልመክራትም፤ ስለዚያ መጻፍም አላማረኝም። "ስትመለስ አንድ ይዘህልኝ ና" ላለኝ የአክስቴ ልጅም መልሴ ያው ነው፤ በ2012 የወጣውን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177ን አንብብ። ጠመንጃ እንደ ስኒከር በሻንጣ አይመጣም። ቡና ጫካ ላይ ጦጣ ለማባረር ወንጭፍህ ይበቃሃል።

ጋሼን ያናደዳቸው ሌላ ነው። "ቀለሁንስ ምን ታደርጉታላችሁ?" አሉኝ። እንጠርገዋለን፣ ባልዲ ውስጥ እንጥለዋለን አልኳቸው፤ የሃያ ሁለት ቀለህ ተመልሶ አይሞላም። አባታቸው ጥይት እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበትን ዘመን የደረሱ ሰው ነበሩ። "በአንድ ቀን ሁለት መቶ! ለወረቀት!" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስልኩን ግን አልመለሱልኝም። ለአራተኛ ጊዜ አዩትና "ና እዚህ ቁም" አሉ። ጥግ ላይ ያለውን መጥረጊያ አንስተው እጀታውን ትከሻዬ ላይ አስደገፉት። "እየው፣ በተኮስክ ቁጥር መታ አልመታ ብለህ አንገትህን ታነሳለህ። ለዚህ ነው ወደ ላይ የሚሄድብህ። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አስተኛው። ቃታው ከጮኸም በኋላ እዚያው ቆይ። ተንፍስ። ግማሹን አስቀረው።" አገጬን በሻካራ ጣታቸው ወደ ታች ገፉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኢላማው በላይ በላይ ስመታ ማንም ያልነገረኝን ነገር ነው።

"አንተ ሰውዬ" አለች እትዬ ከምድጃው በኩል፣ "መጥረጊያዬን ወዲህ በል። ቡናው ሊፈላ ነው፣ የትናንቱ ቄጤማ አልተጠረገም።"